የዳግማዊ ምኒልክ እጅ

ስለ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ብዙ ተጽፏል። የአድዋው ድል፣ የባቡር ሐዲዱ፣ የስልኩና የባንኩ ታሪክ ለማኅበራችን አባላት እንግዳ አይደለም። ስለ መጨረሻ ዘመናቸው ሕመም ግን ከወሬ ያለፈ እምብዛም አይነገርም፤ የሚነገረውም አብዛኛውን ጊዜ ስለ መርዝ ወይም ስለ መተት ነው። ነገሩ ለእኛ ሙያ ቅርብ ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ አንሥቼዋለሁ። እጃቸው ከሥራ የማይለይ ንጉሥ በምን መንገድ የገዛ እጃቸውን ማዘዝ እንደ ተሳናቸው፣ ከዚያስ በኋላ በአገሩ አስተዳደር ላይ ምን እንደ ደረሰ ማየት ይገባናል።

ምኒልክ በነሐሴ 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። ዕጣቸው ይህን ጽሑፍ ከምጽፍበት ከኮሶዬ ብዙም በማይርቅ ስፍራ ከተፈጸመ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በኮሶዬና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ የሚያደርሰው ወደ ስሜን፣ ማለትም ወደ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አገር ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ውቤን ድል ነሥተው በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ዓመት ሳይሞላ ሸዋም በእጃቸው ገባ፤ አባቱን ኃይለ መለኮትን በሞት ያጣው ሕፃኑ ምኒልክም ተማርኮ ተወሰደ። እስከ 1857 ዓ.ም. ቆይተው ከመቅደላ አመለጡ፤ በሸዋም ነገሡ። በ1875 ዓ.ም. ያገቧቸው እቴጌ ጣይቱ ብጡል የእነዚያው የስሜኑ ውቤ የወንድም ልጅ ናቸው። ወደ እርሳቸው እንመለሳለን።

ምኒልክን ያዩ የውጭ አገር መልእክተኞች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ንጉሡ ማናቸውንም መሣሪያ ሳይዳስሱና ሳይፈቱ አያልፉም ነበር። ሰዓት ሲመጣላቸው በምን እንደሚዞር ይመረምራሉ፤ ጠመንጃ ሲቀርብላቸው ብልቱን ለያይተው ያያሉ። በክፉ ቀን፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ በሬ በጠፋበት ጊዜ፣ ዶማ ይዘው መሬት ቆፍረው ለመኳንንቱ አርአያ ሆነዋል። ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ድንጋይ ይሸከሙ ነበር፤ ንጉሥ ከተሸከመ ደግሞ ባዶ እጁን ሊቆም የሚደፍር መኳንንት አይኖርም። አንጥረኛና ሸማኔ በሚናቅበት አገር የእጅ ሥራ አዋቂ እንዳይሰደብ አዋጅ ያስነገሩትም እርሳቸው ናቸው። በ1871 ዓ.ም. የመጣው ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሞገስ ያገኘው እንዲህ ካለው ሰው ዘንድ በመሆኑ አያስገርምም። በ1886 ዓ.ም. ኢልግ የእንጦጦን ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲያወርድ፣ ውኃው ሽቅብ ወጥቶ ሲፈስ ንጉሡ መደሰታቸው የታወቀ ነው። ኋላም አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው፣ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ያለው፣ በእንፋሎት የሚሠራው መንገድ መዳመጫ በብዙ ሰው ጉልበት ተጎትቶ አዲስ አበባ ገባ።

ደዌው የጀመራቸው በ1898 ዓ.ም. ገደማ ነው። መጀመሪያ ቀላል ነበር፤ ይጥላቸዋል፣ ይሻላቸዋል። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲገባ ለማየትና ለመሳፈር በቅተዋል፤ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙትም በዚያው ዓመት ነው። ሕመሙ እየጸና ሲሄድ ጸበል ፍለጋ ደብረ ሊባኖስ ወረዱ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ግን ከባዱ መጣ። አካላቸው ሽባ ሆነ፤ ንግግራቸውም ተያዘ።

ዛሬ ስትሮክ የምንለው ይህ ነው። የአንጎል የደም ሥር በረጋ ደም ይዘጋል ወይም ይፈነዳል፤ ደም ያጣው ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ይሞት ጀመር። ትልቅ የደም ሥር ሲዘጋ በእያንዳንዱ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋስ እንደሚጠፋ ይገመታል። እጅ በዚህ ጊዜ ምንም አልሆነም፤ አጥንቱም ጡንቻውም ደኅና ነው። በእኛ ቋንቋ ለማስረዳት ያህል፣ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የመቆጣጠሪያው ክፍል ተቃጥሏል ወይም ገመዱ ተቆርጧል። ለእጅ ትእዛዝ የሚያወጣው የአንጎል ሥፍራ ሰፊ ነው፤ ለጣቶች የተመደበው ብቻ ለግንዱ ሁሉ ከተመደበው ይበልጣል። ከዚያ የሚወርዱት አብዛኞቹ የነርቭ ክሮች በአንጎል ግርጌ ተሻግረው ወደ ተቃራኒው ጎን ስለሚሄዱ፣ ግራ አንጎል ሲጎዳ ቀኝ እጅ ይዝላል። የንግግር ማዕከል በብዙ ሰው ዘንድ በዚሁ በግራ በኩል በመሆኑ፣ ቀኝ እጅና ምላስ ብዙውን ጊዜ አብረው ይታሰራሉ።

ከሽባነት የተለየና ይበልጥ የሚያስደንቅ ጉዳትም አለ። በምኒልክ ዘመን በጀርመን አገር ሁለት ሐኪሞች መርምረውት ነበር። ሁጎ ሊፕማን እ.ኤ.አ. በ1900 የጻፈለት ሕመምተኛ እጁን ማንቀሳቀስ ይችላል፤ አድርግ የተባለውን ግን በቀኝ እጁ ማድረግ አይሆንለትም፤ በግራው ይሆንለታል። ኃይሉ አለ፤ የሥራው ንድፍ ከእጁ አይደርስም። ኩርት ጎልድሽታይን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1908 ግራ እጇ ከፈቃዷ ውጭ በራሱ የሚንቀሳቀስባትን ሴት ታሪክ አሳተመ። ሕመምተኛዋ እጁን የራሷ አድርጋ አትቆጥረውም ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር መንደር ውስጥ ያየ ሰው ጋኔን ቢል አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የአንጎል ሁለት ክፍሎች ግንኙነት ሲቋረጥ የሚመጣ ነው።

ለስትሮክ ዋናው መንሥኤ የደም ግፊት ነው። የክንድ መታጠቂያ ያለውን የደም ግፊት መለኪያ ጣሊያናዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1896፣ አገሩ አድዋ ላይ በተሸነፈችበት ዓመት መሆኑ ከአጋጣሚም አጋጣሚ ነው። መለኪያው ቢገኝ እንኳ ግፊትን በደንብ የሚያወርድ መድኃኒት ገና ግማሽ ምዕት ዓመት ይቀረው ነበር። የንጉሡ ሐኪም፣ የጓዴሎፕ ተወላጁ ዶክተር ቪታሊየን፣ ብዙ ሊያደርግላቸው አይችልም ነበር። በጥር 1900 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወዲህ ያለውን ሐዲድ የማስቀጠል ውል የተሰጠው በእርሱ ስም መሆኑን ለሐዲድ ሰዎቻችን አስታውሼ ልለፍ። ዛሬ በደም መርጋት ለተመታ ሰው የረጋውን የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ የሚሰጠው ግን በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ኮሶዬ ለሚኖር ሰው የጎንደር መንገድ ትርጉሙ ይህ ነው። ሕመምተኛው ግማሽ ጎኑ ከዛለ በኋላ መጀመሪያ የሚወሰድበት ቦታ፣ እጁ ይመለስ ወይም አይመለስ እንደ ሆነ ይወስናል።

አሁን ወደ ጣይቱ እንመለስ። የኢትዮጵያ ነገሥታት ደብዳቤ በፊርማ አይጸናም፤ በራስጌው በሚታተመው ማኅተም ነው። ስለዚህ የንጉሡ እጅ ቢዝልም ትእዛዝ ከቤተ መንግሥት መውጣቱን አላቆመም። ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1902 ዓ.ም. ሹመትና ሽረት በእቴጌይቱ ፈቃድ፣ በባላቸው ስም ይወጣ ነበር። ይህን ሥልጣን መውደድ ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም፤ እቴጌይቱ ከስሜንና ከበጌምድር ወገኖቻቸው በቀር በሸዋ መኳንንት መካከል የሚተማመኑበት እምብዛም አልነበራቸውም። መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከጉዳዩ አውጥተው ባላቸውን ከማስታመም ሌላ ሥራ እንዳይኖራቸው ወሰኑ። እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ ሥልጣኑም ገና ለአቅመ አዳም ላልደረሰው ለልጅ ኢያሱ ሆነ። ሚኒስትሮች ተሹመው ነበር፤ አልጋ ወራሽም ተሰይሟል። ሁሉም ግን ከአንድ ሰው ቃል ተቀብሎ እንዲሠራ ሆኖ የተተከለ ስለ ነበር፣ ቃሉ ሲቋረጥ ተለዋጭ መሥመር አልተገኘለትም። መሐንዲስ ይህን ጉድለት በሌላ ስም ያውቀዋል።

ምኒልክ በዚህ ሁኔታ አራት ዓመት ያህል ተኝተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸው ለሕዝብ አልታወጀም፤ አስከሬናቸውም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ቆይቶ ኋላ ንግሥት ዘውዲቱ ባሠሩት በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ። ጣይቱ ወደ እንጦጦ ወጥተው በየካቲት 1910 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1909 ዓ.ም. ነበር።