አንትዋን ማርፋን፦ ደረት ሳይከፈት በልብ ዙሪያ ያለ ፈሳሽ የሚወጣበትን መንገድ ያሳዩ ሐኪም

ከሻኪሶ አዲስ አበባ ሄደው የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ከተመለሱ፣ ወይም ልጅዎን አሳክመው ከሆነ፣ የፈረንሳዊውን ሐኪም የአንትዋን ማርፋንን ሕይወት ማወቅ ይጠቅምዎታል።

ማርፋን እ.ኤ.አ. በ1858 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ካስቴልኖዳሪ በተባለች ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ቢሆኑም ልጃቸው ወደዚህ ሙያ እንዲገቡ አልፈለጉም ነበር። እርሳቸው ግን በቱሉዝና በፓሪስ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1887 ተመረቁ፤ ዕድሜያቸውንም ሕፃናትን በማከምና በማስተማር አሳለፉ። እ.ኤ.አ. በ1896 ጣቶቿ፣ እጆቿና እግሮቿ ቀጫጭንና ረጃጅም ስለሆኑባት የ5 ዓመት ልጅ ጻፉ። በስማቸው የሚጠራው የማርፋን ሕመም መታወቅ የጀመረው ከዚህ ነው። ሕመሙ ከልብ የሚነሳውን ትልቁን የደም ሥር ስለሚያሰፋ አንዳንድ ታማሚዎች ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል።

ለእርስዎ ይበልጥ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ1911 ያሳተሙት ሥራ ነው። ልብ በስስ ከረጢት የተሸፈነ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ፈሳሽ ወይም ደም ሲበዛ ልብን ይጫነዋል፤ ልብም በደም መሞላት ያቅተዋል። መርፌን በጎድን አጥንቶች መካከል አስገብቶ ፈሳሹን መቅዳት የሳንባን ሽፋን የመውጋት አደጋ ነበረው። ማርፋን ከደረት አጥንት የታችኛው ጫፍ ሥር ገብቶ ወደ ላይ የሚያመራውን መንገድ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1942 በፓሪስ አረፉ።

ሐኪሞች ዛሬም በዚህ መንገድ ይጠቀማሉ። አሁን ግን ፈሳሹን በአልትራሳውንድ እያዩ፣ ቦታውን አደንዝዘው መርፌ፣ ቀጥሎም ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ። ፈሳሹ ከልብ በስተጀርባ ከሆነ ወይም ደሙ ከረጋ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

ፈሳሹ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ፣ ቤትዎ ከገቡ በኋላም ሊጠራቀም ይችላል። ትንፋሽ ካጠረዎት፣ በጀርባዎ ሲተኙ ካፈነዎት፣ ካዞረዎት፣ የልብ ምትዎ ከፈጠነ፣ የአንገትዎ ደም ሥር ከተወጠረ ወይም እግርዎ ካበጠ፣ የመንገድ ድካም ነው ብለው አይጠብቁ። የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ መድኃኒቱን ግን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። አዶላም ሆነ ነገሌ ቦረና፣ ለእርስዎ ወደሚቀርበው ሆስፒታል ፈጥነው ይሂዱ። የሕክምና ወረቀትዎንና መድኃኒቶችዎን ይያዙ፤ የልብ ቀዶ ሕክምና መቼ እንደተደረገልዎትም ከሁሉ አስቀድመው ይንገሯቸው።