ለ11 ዓመታት የተደበቀው የፕሬዚዳንቱ ሕመም እና የዛሬው የፕሮስቴት ናሙና ምርመራ

ፍራንሷ ሚቴራን ፈረንሳይን ለ14 ዓመታት በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ከእነዚህ ዓመታት ውስጥ 13 ተኩል ያህሉን ያሳለፉት የፕሮስቴት ካንሰር በአጥንታቸው ተሰራጭቶ ነው። ሕዝባቸው ስለ ሕመሙ የሰማው ግን በሽታው ከታወቀ ከ11 ዓመት ገደማ በኋላ ነበር። የዛሬው የጤና አምዳችን የእኚህን ሰው ሕይወት ከሕመማቸው አንጻር ያስቃኛል። በዚያው አጋጣሚ ዛሬ ብዙ ወንዶች የሚፈሩት፣ በምስል እየታገዘ የሚደረገው የፕሮስቴት ናሙና ምርመራ (ባዮፕሲ) ምን እንደሚመስል እንገልጻለን።

ሚቴራን የተወለዱት እ.ኤ.አ በጥቅምት ወር 1916 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በምትገኘው ዣርናክ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ በ1940 ቆስለው በጀርመኖች እጅ ወደቁ። ሁለት ጊዜ ለማምለጥ ሞክረው ተያዙ፤ በ1941 መጨረሻ በሦስተኛው ሙከራ ተሳካላቸው። ወደ አገራቸው ተመልሰው በመጀመሪያ ከጀርመን ጋር በተባበረው የቪሺ አስተዳደር ውስጥ ሠሩ። ቆይተው ወደ ኅቡዕ የአርበኞች ትግል ተቀላቅለው በሐሰት ስም ሲንቀሳቀሱ ቆዩ። ምስጢር መጠበቅን ከወጣትነታቸው ጀምሮ የተማሩ ሰው ነበሩ ማለት ይቻላል።

ከጦርነቱ በኋላ ገና በ30 ዓመታቸው ሚኒስትር ሆኑ። ለፕሬዚዳንትነት በ1965 ከጄኔራል ደ ጎል፣ በ1974 ደግሞ ከቫሌሪ ዢስካር ዴስታን ጋር ተወዳድረው ተሸነፉ። እ.ኤ.አ ግንቦት 10 ቀን 1981 ግን በሦስተኛው ሙከራ አሸነፉ። ያን ጊዜ የ64 ዓመት ሰው ነበሩ።

ከእርሳቸው በፊት የነበረ አንድ ክስተት የፈረንሳይን ሕዝብ አሳዝኖ ነበር። ፕሬዚዳንት ዦርዥ ፖምፒዱ እ.ኤ.አ በ1974 በሥልጣን ላይ እያሉ ሲሞቱ፣ በጽኑ የደም ካንሰር መታመማቸው ለሕዝቡ ሳይነገር ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ሚቴራን ከተመረጡ የጤንነታቸውን ሁኔታ በየስድስት ወሩ በሐኪም መግለጫ ይፋ እንደሚያደርጉ ቃል ገቡ።

ቃሉ ከተሰጠ ብዙም ሳይቆይ በ1981 መጸው ላይ ፕሬዚዳንቱን የጀርባና የእግር ሕመም ያስቸግራቸው ጀመር። በኅዳር ወር በተደረገላቸው ምርመራ የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለባቸውና ወደ አጥንታቸው መሰራጨቱ ተረጋገጠ። ሥልጣን ከያዙ ገና ስድስት ወር አልሞላቸውም ነበር። የግል ሐኪማቸው ክሎድ ጉብለር በኋላ እንደገለጹት፣ በጊዜው የተሰጣቸው የዕድሜ ግምት ከሦስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ነበር።

ሕመሙ ለምን ዘግይቶ ታወቀ?

ፕሮስቴት ወንዶች ብቻ ያላቸው፣ ከሎሚ የማይበልጥ ዕጢ ነው። ከሽንት ፊኛ ሥርና ከፊንጢጣ ፊት ለፊት ይገኛል፤ የሽንት ቧንቧም በመካከሉ ያልፋል። በዕድሜ ምክንያት የሚመጣው የዕጢው ማበጥ ካንሰር አይደለም። ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚያስኬደው፣ የሚያቀጥነውና ሌሊት የሚቀሰቅሰው በአብዛኛው እርሱ ነው። ካንሰሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው በዕጢው ውጫዊ ክፍል በመሆኑ፣ በመጀመሪያ ላይ ሽንትን ላያውክና ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ የመጀመሪያ ምልክቱ በሚቴራን እንደታየው የአጥንት ሕመም ነው። እርግጥ አብዛኛው የጀርባ ሕመም ከካንሰር ጋር አይገናኝም። ሆኖም ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ ወንድ፣ በዕረፍት የማይተውና ሌሊት የሚብስ አዲስ የአጥንት ሕመም ካለው መመርመር ይኖርበታል።

በ1981 ለሐኪሞች የቀረቡት መንገዶች ጥቂት ነበሩ። ዕጢውን በፊንጢጣ በኩል በጣት መዳሰስ ዋነኛው ነበር። ፒ ኤስ ኤ የተባለው የደም ምርመራ በአሜሪካ ለሕመምተኞች ክትትል የተፈቀደው በ1986፣ በሽታውን ለመፈለጊያነት ደግሞ በ1994 ነው። በአልትራሳውንድ እየታዩ ከዕጢው ስድስት ቦታዎች በሥርዓት ናሙና የመውሰድ ዘዴ የተስፋፋው ከ1989 ወዲህ ነው። ኤም አር አይ ለዚህ ሥራ መዋል የጀመረው ከዚያም በኋላ ነው። ሚቴራን ከምርጫው በፊት ሐኪም ቤት ቢሄዱ እንኳ የዛሬ ሕመምተኛ የሚያገኛቸውን መሣሪያዎች አያገኙም ነበር።

ምስጢሩ ያስከፈለው ዋጋ

ፕሬዚዳንቱ ሕመማቸው የመንግሥት ምስጢር እንዲሆን ወሰኑ። በየስድስት ወሩ የሚወጣው መግለጫ ቀጠለ፤ ስለ ካንሰሩ ግን አንድም ቃል አልነበረበትም። የወንድ ሆርሞንን የሚያዳክመው ሕክምና በድብቅ ይሰጣቸው ጀመር። ይህ ሕክምና የተመሠረተው ቻርልስ ሃጊንስ የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ በ1941 ይፋ ባደረጉትና በ1966 የኖቤል ሽልማት ባስገኘላቸው ግኝት ላይ ነው። የፕሮስቴት ካንሰር የሚያድገው በወንድ ሆርሞን እየታገዘ በመሆኑ፣ ሆርሞኑ ሲቀንስ ዕጢው ይሟሽሻል።

ሕክምናው ከተጠበቀው በላይ ሠራ። ሚቴራን በ1988 በድጋሚ ተመረጡ፤ ከጀርመኑ መራሔ መንግሥት ሄልሙት ኮል ጋር የአውሮፓ ኅብረትን መሠረት ጣሉ። ይህ ሁሉ የሆነው ካንሰሩ አብሯቸው እያለ ነው። ካንሰር ማለት ወዲያው መሞት አለመሆኑን ታሪካቸው ያስረዳል።

እ.ኤ.አ በመስከረም 1992 በፓሪስ ኮሻ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ካንሰር እንዳለባቸው በይፋ የተነገረውም ያን ጊዜ ነው። በ1994 ለሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። በግንቦት 1995 ሥልጣን አስረከቡ። የመጨረሻውን የገና በዓላቸውን በአባይ ዳርቻ በምትገኘው የግብፅ ከተማ አስዋን አሳልፈው ተመለሱ፤ ጥር 8 ቀን 1996 በ79 ዓመታቸው አረፉ። የተቀበሩት በትውልድ ከተማቸው ዣርናክ ነው።

ከቀናት በኋላ ዶክተር ጉብለር ምስጢሩን በመጽሐፍ አወጡ። መጽሐፉ በፍርድ ቤት ታገደ፤ ሐኪሙም የሙያ ምስጢር በማውጣት ተፈረደባቸው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2004፣ መጽሐፉ ለዘለቄታው መታገዱ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን እንደጣሰ ወሰነ። ጉዳዩ የሚያስተምረን ሁለት ነገር አለ። የሕመምተኛ ምስጢር በሐኪሙ ዘንድ የተጠበቀ ነው፤ ስለዚህ ለሐኪም መናገር የሚያሳፍር ነገር የለውም። በሌላ በኩል ሕመምን ከቅርብ ሰው ሁሉ ደብቆ መኖር ለሕመምተኛውም ለሚያስታምመውም ሸክም ነው።

ዛሬ ምርመራው ምን ይመስላል?

በእኛም አገር ብዙ ወንዶች ስለ ሽንታቸውና ስለ ፕሮስቴታቸው ለሚስታቸው እንኳ አይናገሩም። ከሕመሙ ይልቅ ምርመራው ያስፈራቸዋል። ደረጃ በደረጃ ሲታይ ግን ምርመራው የሚወራለትን ያህል አይከብድም።

መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የፒ ኤስ ኤ የደም ምርመራ ነው። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ብቻውን ካንሰር አለ ማለት አይደለም፤ የዕጢው ማበጥና ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ሐኪሙ ምርመራውን ሊደግመው ይችላል።

ቀጣዩ፣ መሣሪያው ባለበት፣ የኤም አር አይ ምርመራ ነው። ታካሚው በመሣሪያው ውስጥ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ይተኛል። መሣሪያው ከፍተኛ ድምፅ ቢኖረውም አያምም፤ ጨረርም የለውም። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ወይም በሰውነቱ ውስጥ ብረት ያለው ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። ባለሙያው በዕጢው ውስጥ የሚያጠራጥር ቦታ ካየ ከ1 እስከ 5 ባለው መለኪያ ደረጃ ይሰጠዋል፤ 4 እና 5 ይበልጥ ያጠራጥራሉ። እ.ኤ.አ በ2018 ውጤቱ በታተመ፣ በ11 አገሮች 500 ወንዶችን ባሳተፈ ጥናት፣ አስቀድሞ ኤም አር አይ ከተነሡት ውስጥ 28 በመቶው ናሙና መስጠት ሳያስፈልጋቸው ቀርቷል። ሕክምና የሚያሻው ካንሰርም በኤም አር አይ መንገድ በ38 በመቶው፣ በቀድሞው መንገድ ደግሞ በ26 በመቶው ላይ ተገኝቷል።

ናሙና መውሰድ ካስፈለገ፣ ከቀጠሮው በፊት ስለሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ ለሐኪምዎ ይንገሩ። በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ፣ የስኳር ሕመም፣ የመድኃኒት አለርጂ ወይም የሽንት ኢንፌክሽን ያለባቸው ሰዎች ይህን መደበቅ የለባቸውም። ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት ግን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ። እንደ ዘዴው ኢንፌክሽን የሚከላከል አንቲባዮቲክ ሊታዘዝ ይችላል።

በዕለቱ አብዛኛው ሰው የሚሰጠው የአካባቢ ማደንዘዣ ነው። አንድ ጣት ያህል ውፍረት ያለው የአልትራሳውንድ መሣሪያ በፊንጢጣ በኩል ይገባል፤ ዕጢውም በስክሪን ላይ ይታያል። ኤም አር አይ ያሳየው አጠራጣሪ ቦታ በባለሙያው ዓይን ተገምቶ፣ ወይም ሁለቱ ምስሎች በኮምፒዩተር ተደራርበው ዒላማ ይሆናል። ቀጭን መርፌ በፊንጢጣ ግድግዳ በኩል፣ አለበለዚያም በዘር ፍሬ ከረጢቱና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቆዳ በኩል ይገባል። በቆዳ በኩል የሚደረገው የኢንፌክሽን ዕድሉ ያነሰ እንደሆነ ይታመናል። መርፌው ናሙና ሲቆርጥ እንደ ስቴፕለር ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ድምፁ እንዳያስደነግጥዎ። ከዒላማው ጥቂት፣ ከቀረው ዕጢ ደግሞ አሥርና አሥራ ሁለት ያህል ቀጫጭን ናሙናዎች ሊወሰዱ ይችላሉ። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ማደንዘዣው ሲወጋ ማቃጠል፣ ከዚያ በኋላ ግፊትና መቆንጠጥ የመሰለ ስሜት ይኖራል። ታካሚው በአብዛኛው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ከምርመራው በኋላ

ለጥቂት ቀናት በሽንት ውስጥ ደም መታየቱ የተለመደ ነው፤ በፊንጢጣ በኩል ከተሠራ በሰገራም ላይ ይታያል። በዘር ፈሳሽ ላይ የሚታየው ቀይ ወይም ቡናማ ቀለም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ይህ ባለትዳሮችን ስለሚያስደነግጥ አስቀድሞ ለሚስት መንገር ጥሩ ነው። አንዳንዶች ለጊዜው የብልት መቆም ድክመት ያጋጥማቸዋል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ይሻሻላል። ውኃ በደንብ መጠጣትና ለጥቂት ቀናት ከከባድ ሥራ መቆጠብ ይመከራል።

ሦስት ምልክቶች ግን ጊዜ አይሰጡም። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ኢንፌክሽን ወደ ደም መግባቱን ሊያመለክት ይችላል። ሽንት ፈጽሞ እምቢ ማለትና የማይቆም ወይም የረጋ ደም መፍሰስም እንዲሁ አደገኛ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ከታየ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ካንሰር በመርፌ ከተነካ ይሰራጫል የሚለው ወሬ ብዙዎችን ከምርመራ ያስቀራል። በፕሮስቴት ናሙና ምክንያት እንዲህ ዓይነት መሰራጨት እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ የተመዘገበ ነገር ነው። ሳይመረመር የቀረ ኃይለኛ ካንሰር ግን በራሱ ጊዜ ወደ አጥንት ይሄዳል።

ውጤቱ እንደ ላቦራቶሪው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ካንሰር ከተገኘ ግሊሰን የተባለ ነጥብ ይሰጠዋል፤ 6 ዝቅተኛው ሲሆን ከ8 እስከ 10 ያለው ኃይለኛ ነው። ዝቅተኛ የሆነው ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና በክትትል ብቻ ይያዛል። ካንሰር ካልተገኘም የፒ ኤስ ኤ ክትትሉ ይቀጥላል።

ኤም አር አይ የሚገኘው በአብዛኛው በትላልቅ ከተሞች ነው። በአቅራቢያው የሌለ ሰው፣ በአልትራሳውንድ ብቻ የሚወሰድ ናሙናም ጠቃሚ መሆኑን ይወቅ። ዕድሜዎ 50 ከደረሰ፣ ወይም አባትዎ ወይም ወንድምዎ በዚህ ሕመም ታመው ከነበረና 45 ከሞላዎት፣ የፒ ኤስ ኤ ምርመራ ስላለው ጥቅምና ጉዳት ሐኪም ያማክሩ።

ሚቴራን በኃያል አገር መሪነታቸው በዘመናቸው የነበረውን ምርጥ ሕክምና አግኝተዋል። ሕመማቸው የተደረሰበት ግን አጥንታቸውን ካመማቸው በኋላ ነው። ዛሬ አንድ ተራ ሰው በአንድ የደም ምርመራ፣ ካስፈለገም በግማሽ ሰዓት ናሙና፣ አጥንቱ ሳይታመም እውነቱን ማወቅ ይችላል። ቀጠሮ ሲይዙ የሚያምኑት አንድ ሰው አብሮዎት ቢሄድ ደግሞ የሐኪሙን ምክር ሁለት ሆናችሁ ትሰማላችሁ፤ መንገዱም ይቀልላል።