ጋሪ ኪልዳል

ተማሪ ሆይ! በዊንዶውስ በሚሠራ ኮምፒዩተር ስትጠቀም ዋናው የመረጃ ማከማቻ «ሲ» በሚል ፊደል መሰየሙን ሳታስተውል አልቀረህም። ይህ ልማድ ለትንንሽ ኮምፒዩተሮች የደረሰው በጋሪ ኪልዳል ሥራ ነው።

ኪልዳል እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ ተወለደ። በሞንተሬይ በሚገኘው የባሕር ኃይል ከፍተኛ ትምህርት ቤት ያስተምር በነበረበት ጊዜ፣ በ1974 ሲ.ፒ.ኤም. የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሠራ። ቀደም ሲል ለአንዱ ኮምፒዩተር የተዘጋጀ ፕሮግራም በሌላው ላይ አይሠራም ነበር። ኪልዳል ግን እንደየመሣሪያው የሚለዋወጠውን ክፍል ለብቻው ስለለየው፣ ያን ጥቂት ክፍል ብቻ በመለወጥ አንዱ ሥርዓት በብዙ ዓይነት ኮምፒዩተሮች ላይ ሊሠራ ቻለ። ከባለቤቱ ከዶሮቲ ጋርም ድርጅት አቋቁሞ ሥራውን አስፋፋ።

በ1980 አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ታላቅ ኩባንያ ይህን ሥርዓት ለአዲሱ ኮምፒዩተሩ ፈልጎ ቢመጣም ሳይስማሙ ቀሩ። በዚህ ጊዜ ማይክሮሶፍት የሲ.ፒ.ኤምን አሠራር አርአያ ያደረገ ሌላ ሥርዓት ገዝቶ አቀረበ። በኋላ ሁለቱም ለገበያ ሲቀርቡ የኪልዳል ዋጋ 240 ዶላር፣ የማይክሮሶፍት ግን 40 ዶላር ያህል ነበር። ገዢውም ርካሹን መረጠ።

ከዚያ ወዲህ፣ ኪልዳል አውሮፕላኑን እያበረረ ሲዝናና ዕድሉ አመለጠው የሚል ወሬ ተነዛበት። በዚያ ቀን መብረሩ እውነት ነው፤ የበረረው ግን ለሥራ ጉዳይ ነበር። በ1994 በ52 ዓመቱ ሲሞት ወሬው ከሥራው ይልቅ ይታወቅ ነበር። በ2014 ግን በቀድሞው የድርጅቱ ቤት አጠገብ የመታሰቢያ ጽሑፍ ተተከለለት።

እንግዲህ አንተም የሰውን ታሪክ ስትጽፍ፣ የተወራበትን ከመድገምህ በፊት የሠራውን መርምር።