የዶክተር አክሊሉ ለማ ሕይወትና የእንዶድ ምሥጢር

በሰንዳፋም ኾነ በሱሉልታ፥ በደጋው አገራችን በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውን እንዶድ የማያውቅ የለም። እናቶቻችን ፍሬውን በድንጋይ ወቅጠው ነጠላውንና ጋቢውን፥ የካህናቱንም ነጭ ልብስ ሲያጥቡበት ኖረዋል። ከዚህ ከተናቀ ፍሬ ታላቅ ዕውቀት ያወጡት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ሕይወታቸው ለሹማምንትም ለሊቃውንትም ትምህርት የሚሰጥ ስለ ኾነ ባጭሩ እንጽፈዋለን፤ ዓመታቱም በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ ጠላት አገራችንን በወረረበት በ1935 ዓመት ተወለዱ። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው የዶክተርነትን ማዕርግ ካገኙ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1964 የቢልሃርዚያን በሽታ ለመመርመር ወደ ዐድዋ በሄዱ ጊዜ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የበሽታው ትል አስቀድሞ በቀንድ አውጣ ገላ ካላደገ በቀር ሰውን ሊይዝ አይችልምና፥ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ነገር የበሽታውን መንገድ ይዘጋል። በ1966 የፓቶባዮሎጂን ኢንስቲትዩት አቋቋሙ፤ ይኸውም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ነገር ግን መግደሉን ማየት አንድ ነገር ሲኾን፥ የሚገድለው ምን እንደ ኾነ ማወቅ ሌላ ነው። ከፍሬው ተለይቶ የወጣው መርዝ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። እርሱም ኦሊያኖሊክ አሲድ ከሚባለው አካል ጋራ ሦስት ስኳሮች የተያያዙበት ሞለኪውል ነው። እንዲህ ያለው ነገር የሚመረመርበት ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባል መሣሪያ አለ፤ ሞለኪውሉን ኤሌክትሪክ አሸክሞ ይሰብረዋል፥ ስባሪዎቹንም ይመዝናል። ሞለኪውል እንዲያው በዘፈቀደ አይሰበርም፤ በደከመው መጋጠሚያው ይለያያል እንጂ። የሃይድሮጂን ክብደት 1 ተብሎ ቢቈጠር፥ ለማቶክሲን 942 ይመዝናል። አንዱ ስኳር በወደቀ ቍጥር 162 ይጐድላል፤ ሦስቱም ሲወድቁ 456 ይቀራል፥ ይህም ኦሊያኖሊክ አሲድ ነው። እርሱ ራሱ በመካከለኛው ቀለበቱ ሲከፈል 248 የሚመዝን ስባሪ ይሰጣል፤ ያም 45 ጥሎ 203 ይኾናል። መርማሪውም ከስባሪዎቹ ክብደት ተነሥቶ የሙሉውን አሠራር ያውቃል።

ይልቁንም የሚያስደንቀው ይህ ነው። በደኅናው ፍሬ ውስጥ መርዙ ሌላ ስኳር ተጨምሮበት ኀይሉ ታስሮ ይኖራል፤ ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው ግን በውስጡ ያለው ኤንዛይም ያንን ስኳር ቈርጦ መርዙን ይፈታዋል። እንግዲህ መሣሪያው ከመሠራቱ አስቀድሞ የእናቶቻችን ድንጋይ የመጀመሪያውን ስብራት ፈጽሞ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ ከዚህ በኋላ ብዙ ደከሙ። የውጭ አገር የጤና ባለሥልጣኖች እንዶድ ለሰውና ለከብት የማይጐዳ መኾኑ በእነርሱ ደንብ እንዲመረመር ጠየቁ፤ ጥያቄው ተገቢ ቢኾንም፥ ለምርመራው የሚያስፈልገው ቤተ ሙከራና ገንዘብ በእጃችን ስላልነበረ ብዙ ዓመት አለፈ። በ1989 እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 ዐረፉ።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው፥ ዕውቀት ከደጃችን ቢገኝም ሚዛኑ በሌላው ቤት ከኾነ ፍርዱም በሌላው እጅ እንደሚቀር ነው። ስለዚህ ሥልጣን ያለው ሰው ቤተ ሙከራ ለመሥራት ገንዘብ ሲጠየቅ፥ ዐድዋ ወንዝ ዳር የባከነውን ዘመን ያስታውስ።