የፊደልን አደራ የጠበቁ ሊቅ፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ

በመገናኛ አደባባይ ከቦሌ፣ ከኮተቤና ከመሐል ከተማ የሚመጡት መንገዶች እንደሚገናኙ፣ በአማርኛ አንደበትም ጥንት የተለያዩ ፊደሎች ተገናኝተው አንድ ድምፅ ሆነዋል። በዚያ አደባባይ የሚያልፍ ተማሪ በአንዱ ሰሌዳ ላይ ሠዓሊ የሚለውን ቃል በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ ተጽፎ፣ በሌላው ላይ በእሳቱ ሰና በአልፋው አ ተጽፎ ቢያገኝ፣ ጆሮው ልዩነቱን አይነግረውም። በግእዝ ግን ሠዐለ ማለት ሥዕል ሣለ፣ ሰአለ ማለት ለመነ ነው። ጆሮ የዘነጋውን ይህን ልዩነት ለማስጠበቅ ዕድሜያቸውን የሠዉ ሊቅ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው።

አለቃ ኪዳነ ወልድ የሸዋ ተወላጅ ሲሆኑ፣ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ከተማሩ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ተሻግረው ብዙ ዓመት ኖሩ። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ፣ ኢጣልያዊው ሊቅ ኢኛሲዮ ጉይዲ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1901 ላሳተሙት የአማርኛና የኢጣልያንኛ መዝገበ ቃላት በሮማ የረዱ ዐዋቂ ነበሩ። እኒህ መምህር የግእዝ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀምረው ሳይፈጽሙት ስለ ዐረፉ፣ ሥራው በአደራ ወደ ደቀ መዝሙራቸው ወደ ኪዳነ ወልድ ተላለፈ።

አደራው ከባድ ነበር። ሠረቀ ማለት ፀሐይ ወጣ፣ ሰረቀ ማለት የሰው ገንዘብ ወሰደ ነው። መሀረ አስተማረ፣ መሐረ ይቅር አለ ይሆናል። ሐለየ ዘፈነ፣ ኀለየ ዐሰበ ማለት ነው፤ ማሕሌት ከፊተኛው፣ ኅሊና ከኋለኛው ይወጣል። እነዚህን በጆሮ ብቻ መለየት ስለማይቻል፣ አለቃ እኅት ቋንቋዎችን ዕብራይስጥን፣ ሱርስትንና ዐረብኛን ምስክር አድርገው የቃሉን ሥር መረመሩ። ዐረቦች ሀን፣ ሐንና ኀን እስከ ዛሬ ድረስ በሦስት ልዩ ልዩ ድምፅ ይጠሯቸዋልና።

ይሁን እንጂ ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሁልጊዜ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ከመቀሌ ወይም ከአድዋ የመጣ ትግርኛ ተናጋሪ ሐንና ዐን በጉሮሮው ለይቶ ያሰማል፤ ሠንና ሰን ግን እንደ አማርኛ ተናጋሪው አንድ ያደርጋቸዋል። እንግዲህ አንድ ዐይነት ድምፅ ያላቸው ቃላት የትኞቹ እንደ ሆኑ የሚወስነው የተናጋሪው አንደበት ነው። በእንግሊዝኛም ነገሩ እንዲሁ ነው። በደቡብ እንግሊዝ አነጋገር ፍርድ ቤት ማለት የሆነው ቃልና ተያዘ ማለት የሆነው ቃል አንድ ሆነው ይሰማሉ፤ የስኮትላንድ ሰው ግን በፊተኛው ውስጥ ያለችውን ር ስለሚያሰማት አይቀላቀሉበትም።

አለቃ ኪዳነ ወልድ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጠርተዋቸው ወደ ሀገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ የትንቢተ ሕዝቅኤልን ትርጓሜ አሰናድተው በ1916 ዓ.ም. አሳተሙ። የመዝገበ ቃላቱን ሥራ ግን አልተዉም። በመጨረሻ እርሳቸውም እንደ መምህራቸው ሥራውን ሳይፈጽሙ በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራውን ለሦስተኛ ጊዜ የተቀበሉት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው፤ እርሳቸውም ሥራውን ፈጽመው መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ በሚል ስም በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። እንዲህ ሆኖ አንድ መጽሐፍ የሦስት ሰዎችን ዕድሜ ፈጀ።

መጽሐፉ 900 ገጽ ያህል ሲሆን፣ ቃላቱ የተደረደሩት በአበገደ ተራ ነው። የፀሐይን መውጣት የሚፈልግ ሰው በእሳቱ ሰ ቢከፍት የሚያገኘው ሌባውን ነው። አለቃ ደስታም በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሲያሳትሙ ዐዲስ የሚለውን ቃል በርእሱ ላይ በዐይኑ ዐ መጻፋቸው የመምህራቸውን ትምህርት እንዳልዘነጉ ያሳያል።

ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደሎች ለአማርኛ ትርፍ ናቸው፣ ይቀነሱ የሚሉ ሊቃውንትም ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ለጀማሪ ተማሪ ይቀልለታል ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ቢሆንም ክርክሩ እስኪቈረጥ ድረስ ፊደልን እንዳገኙ መጻፍ ጕዳት አለው። አንድ ባለጕዳይ በአንዱ መዝገብ ኃይሉ፣ በሌላው ሀይሉ ተብሎ ቢጻፍ፣ ኮምፒዩተር ፊደል እንጂ ድምፅ አይሰማምና አንዱን ሰው ሁለት ሊያደርገው ይችላል። ባለጕዳዩም ፋይሉ ጠፋ ተብሎ ይመላለሳል።

ስለዚህ ወጣቱ ጸሐፊ ስም በሚመዘግብበት ጊዜ ባለስሙን በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ ቢጠይቀው ጥቂት ደቂቃ ቢያጠፋ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ግን ለዚሁ ጥያቄ ዕድሜያቸውን ሰጥተውበታል።