ባልቻን ሳይሆን ሆስፒታሉን ነበር የማውቀው

ባለፈው ወር ከሰፈራችን ጋሼ ጋር ባንክ ሄጄ ነበር። ጋሼ የቀድሞው ጦር አባል ናቸው፤ ካራማራ ላይ ተዋግተዋል፣ ግራ እግራቸውን እስካሁን ይጎትታሉ። ጡረታቸው ሲገባ ስልካቸው ላይ የሚመጣውን መልእክት የማነብላቸው እኔ ነኝ። ወረፋው ረጅም ስለነበር ከፊታችን ከቆሙ ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወሬ ጀመሩ። ለካ እነሱም ወታደር ነበሩ! የአዛዦቻቸውን ስም እየተጠያየቁ፣ ማን እንደሞተና ማን እንዳለ እየተነጋገሩ ወረፋውን ረሱት።

አንደኛው የጡረታውን ማነስ ሲያነሱ ጋሼ ሳቅ አሉና ባልቻ አባ ነፍሶ ሰባ ዓመት አልፎት የዘመተው ጡረታ ተከፍሎት እንዳልሆነ ነገሯቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ባልቻን አውቀው እንደሆነ ጠየቁኝ። ሆስፒታሉን ነው ወይ አልኳቸው። ሦስቱም ሳቁብኝ። እኔ ግን አፈርኩ። አራት ዓመት ኢኮኖሚክስ ተምሬ፣ በየቀኑ ስሙን ከታክሲ ረዳት አፍ የምሰማውን ሰው አላውቀውም። ቤት እንደገባሁ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ የተወለደው በጉራጌ ምድር ነው። በአብዛኛው እንደሚተረከው በልጅነቱ የዐፄ ምኒልክ ጦር በአካባቢው ሲዘምት ተሰልቦ ቆስሎ ተገኘ። ንጉሡ አዘኑለት፤ ወስደውም በቤተ መንግሥት አሳደጉት። እስቲ አስቡት፤ ያ ጦርነት ከወላጆቹ ነጥቆታል፣ አባት የመሆን ዕድሉንም ወስዶበታል። ሕይወቱን ሙሉ ያገለገለው ግን ያንኑ ያሳደገውን ቤተ መንግሥት ነው። ይሄን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ዝም አልኩ።

ልጁ አደገና ባጅሮንድ ሆነ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ግምጃ ቤት ኃላፊ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ የገንዘብ ሰው ነበር። መድፉም በእጁ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ጦሩ ወደ ሰሜን ሲዘምት የባልቻ መድፈኞች መቀሌ ላይ የእንዳ ኢየሱስን ምሽግ ደበደቡ። ምሽጉን በመጨረሻ ያስለቀቀው ግን ጥሙ ነበር፤ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃው ምንጭ ተይዞ ጣሊያኖቹ ለቀው ወጡ። የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ ፊታውራሪ ገበየሁ ሲወድቅ የባልቻ መድፎች መተኮሳቸውን አላቆሙም። ሕዝቡም የሁለቱን ስም አንድ ላይ ገጥሞ እስከ ዛሬ ያዜመዋል።

እንግዲህ ከድል በኋላ ለወታደሩ ምን ተከፈለው? ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይሄን ሳይጠይቅ አያልፍም። በዚያን ጊዜ መንግሥት ለጦሩ በየወሩ የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ አልነበረውም። የነበረው መሬትና መሬቱ ላይ የሚኖር ገበሬ ነው። ስለዚህ በተለይ በደቡብ ለሰፈረው ወታደር በደሞዝ ፋንታ ማደሪያ ይሰጠዋል፤ እንደ ማዕረጉም ገባር ይመደብለታል። ገባሩ እህል ያመጣል፣ ማር ያመጣል፣ የወታደሩን እርሻ ያርሳል፣ አጥሩን ያጥራል፣ እንጨቱን ይሸከማል። መንግሥት ካዝናውን ሳይከፍት ጦር አቆመ። ሂሳቡን የከፈለው ዐድዋ ላይ ስለተገኘው ድል ማንም ምስጋና ያላቀረበለት የደቡብ ገበሬ ነው።

ባልቻም የዚሁ ሥርዓት ሰው ነበር። ሐረርን ገዛ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስሙ በይበልጥ የሚነሳው በሲዳሞ ነው። ጥብቅ፣ የሚፈራ፣ ለውጭ ሰው ፊት የማይሰጥ ገዥ እንደነበር ይነገራል። ባልቻን ሳወድስ የሲዳሞ ገባር የልጅ ልጅ ይሄን ጽሑፍ እያነበበ እንደሆነ መርሳት አልፈልግም። ዐድዋ ላይ የሠራው አይሰረዝም፤ ገባሩ የተሸከመውም አይሰረዝም።

አሁን ወደ 1920 ዓ.ም. እንሂድ። ንግሥቲቱ ዘውዲቱ ናቸው፤ ሥልጣኑ ግን ቀስ በቀስ ወደ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እየሄደ ነው። ባልቻ ደግሞ የምኒልክ ሰው ነው፤ ለልጃቸው ታማኝ፣ ለአዲሱ ነገር ጀርባውን የሰጠ። አዲስ አበባ ሲጠራ አልቸኮለም። ሲመጣም ብቻውን አልመጣም፤ በሺዎች የሚቆጠር ጦር አስከትሎ ንፋስ ስልክ ላይ ሰፈረ። ከዚያ ጥቂት መቶ ሰዎችን መርጦ ለግብር ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። እሱ ሲበላና ሲጠጣ ራስ ካሣ ሰፈሩ ድረስ ሄደው ለወታደሮቹ ገንዘብ እያደሉ በተኗቸው። ባልቻ ሲመለስ ሜዳው ባዶ ነበር። ሲዳሞም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ያለ አንድ ውጊያ አለቀ። እስር ተከተለ፣ ከዚያም ምንኩስና።

ይሄ ታሪክ ሲነገር የራስ ተፈሪ ብልጠት ነው የሚደነቀው። እኔ ግን የወታደሮቹ ነገር ነው ያሰበኝ። ከሲዳሞ ድረስ ተከትለውት መጥተው በጥቂት ብር ትተውት ሄዱ። ከሃዲዎች ናቸው እንበል? የወታደሩ ማደሪያ ያለው በሹመኛው እጅ ነው፤ ሹመኛው ከተሻረ ማደሪያው የአዲሱ ሹመኛ ነው። ልጆች ያሉት ሰው ይሄን ያሰላል። ወታደር የሚገባውን የሚያገኘው በሕግ ሳይሆን በአለቃው በጎ ፈቃድ ከሆነ፣ የአለቃው ዕጣ ሲገለበጥ የእሱም ይገለበጣል።

ባልቻ ግን ሌላ ሂሳብ ነበረው። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ሽማግሌው በዚያ ጊዜ ሰባ ዓመት አልፎታል። ሹመቱን የነጠቀው መንግሥት ፈርሷል፣ ያሰሩት ንጉሥ ተሰደዋል። ቁጭ ብሎ ቢጸልይ ማንም አይወቅሰውም ነበር። እንዲያውም ቂም ይዞ ለጣሊያን ቢገባ የሚያሳብብበት ነገር አላጣም፤ በጣም ባነሰ ቂም የገቡ መኳንንት ነበሩ። እሱ ግን ጠመንጃውን አንስቶ ዱር ገባ። ከዐድዋ አርባ ዓመት በኋላ ያንኑ ጠላት ሊገጥም ማለት ነው። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በሶዶ ጉራጌ አገምጃ በተባለው ቦታ ተከቦ ሲዋጋ ሞተ። እጁን ሊሰጥ ነው ብለው የቀረቡትን ጣሊያኖች ተኩስ ከፍቶባቸው እንደወደቀ ይነገራል። የሞተው በተወለደበት ምድር ነው፤ ልጅ ሆኖ ቆስሎ ከተወሰደበት።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ለአርበኞች መሬትና ሹመት ሰጠ፤ የገባሩ ሥርዓትም በሕግ ቀርቶ ወታደሩ በደሞዝ ማደር ጀመረ። ክፍፍሉ ግን ቅሬታ አላጣውም። አምስት ዓመት በዱር የቆየው ከስደት ከተመለሰውና ለጣሊያን ካደረው ጋር ሲመዛዘን አነሰብኝ ያለ ብዙ ነበር። በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት የሞተው እንዲህ ባለው ቅሬታ ውስጥ ነው። ባልቻስ? ልጅ የለው፣ ወራሽ የለው። የቀረለት ስሙ ነው፤ ያውም ሆስፒታል ላይ። ሆስፒታሉን ሲያስተዳድሩ የኖሩት ሩሲያውያን ናቸው፤ ከዐድዋ በኋላም ቁስለኞቻችንን ለማከም የቀይ መስቀል ሐኪሞች ልከው ነበር። የመድፈኛው ስም የሕክምና ቤት ስም መሆኑ መጥፎ አይደለም።

በዚህ ወር እንደገና ባንክ ሄድን። እዚያ ያሉትን ሽማግሌዎች ሳገኛቸው የንፋስ ስልኩን ታሪክ ነገርኳቸው። አንደኛው ጦሩ ሲፈርስ እሳቸውም በአንድ ሌሊት ከወታደርነት ወደ ምንምነት እንደተቀየሩ፣ ለዓመታት የአገልግሎት ማስረጃቸውን በፌስታል ይዘው ከቢሮ ቢሮ እንደዞሩ አወሩኝ። ከገንዘቡ በላይ ያመማቸው ግን የት እንዳገለገሉ የሚጠይቃቸው ሰው ማጣታቸው ነው። ጋሼ በዝምታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጡረታቸው ገባ፤ መልእክቱን አነበብኩላቸው።

እናንተም ሰፈራችሁ ውስጥ እንዲህ ያሉ አባት አይጠፉም። ስልካቸውን ስታስተካክሉላቸው የት እንደዘመቱም ጠይቋቸው። እኔ ጋሼን ለዓመታት ሳውቃቸው እግራቸው በየትኛው ቀን እንደተመታ የጠየቅኳቸው ገና ባለፈው ሳምንት ነው። ቀኑን ሰዓቱን ሳይቀር ነገሩኝ።