በዓሉ ግርማና የ«ኦሮማይ» ረቂቅ

ተማሪዎች ሆይ፣ አንድ ደራሲ ረቂቁን ለአሳታሚ ሲያስረክብ ከወረቀቱ ጋር ምን አብሮ እንደሚያስረክብ አስባችሁ ታውቃላችሁን? የበዓሉ ግርማ ሕይወት መልሱን ያሳያችኋል።

በዓሉ የተወለደው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና ምድር፣ በኢሉባቦር፣ ሱጴ በተባለ ሥፍራ ነው። በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ ትምህርቱንም በአሜሪካ ቀጠለ። የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆኖ ሠራ። በ1962 ዓ.ም. በታተመው «ከአድማስ ባሻገር» በልብ ወለድ ደራሲነቱ ታወቀ።

በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ በኤርትራ ሲካሄድ፣ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበረው በዓሉ በአስመራ ተገኝቶ ነበር። ካየው ተነሥቶም ጦርነትን፣ ክህደትንና በአጭር የተቀጨ ፍቅርን የሚተርክ፣ ጨለማ ያጠላበት ልብ ወለድ ጻፈ። «ኦሮማይ» ብሎም ሰየመው፤ አበቃ፣ አከተመ ማለት ነው። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር ያልፍ ነበርና፣ እንዲህ ያለውን ረቂቅ ለአሳታሚ ማቅረብ ቀላል ነገር አልነበረም። በዓሉ ግን አቀረበ፤ የመንግሥት የነበረው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅትም በ1975 ዓ.ም. አሳተመው።

መጽሐፉ ለገበያ በዋለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተሰናበተ። በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ፤ መቃብሩም አልታወቀም። «ኦሮማይ» ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ፣ ከደርግ ውድቀት በኋላ እንደገና ታትሞ እስከ ዛሬ ይነበባል።

እንግዲህ በዓሉ ለአሳታሚው ያስረከበው ወረቀት ብቻ እንዳልነበረ ልብ በሉ። እናንተም ብዕር ስታነሡ፣ ያያችሁትን በእውነት መጻፋችሁን አስቀድማችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።